ሁለት መጋዘን፣ አራት ገበያ

ሰኞ

«ጋሼ፣ ሁለት ገጽ ብቻ ነው የፈቀዱልኝ» አለች ሐያት፣ ገና ከበሩ ሳትገባ። የምን ሁለት ገጽ? ማን ነው ፈቃጁ? ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እንዳይምታታብኝ እጽፈዋለሁ።

ሐያት የጎረቤታችን የሐጂ ቃሲም ልጅ ናት። አሰላ መሐል ከተማ ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ አላት፤ ትጠግናለች፣ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ ደግሞ የግራፊክስ ካርድ፣ ማለት ኮምፒውተር ምስልና ቪዲዮ የሚሠራበትን ዕቃ፣ የሚሸጡለት ወኪሎች በየክፍለ ሀገሩ ይፈልጋል። ከአርሲ የሚወስደው አንድ ሰው ነው። አመልካቾቹን ያዘዛቸው ነገር ገረመኝ። የካርዱን ቺፕ የሚያወጣው የውጭ ኩባንያ ሥራውን በምን በምን ዘርፍ እንደከፈለ፣ ገበያዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ የአመልካቹ ከተማ ከየትኛው ገበያ እንደምትመደብ፣ ይህን ሁሉ በአማርኛ ከሁለት ገጽ ሳያስበልጡ ጽፈው ይላኩ ብሏል። ለደንበኛ ማስረዳት የማይችል ሻጭ አልፈልግም ማለቱ ነው። ጥሩ ፈተና ነው። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ሪፖርተር ስቀጥር እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንዳላሰብኩ እንጃ።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

ባትመረጥስ? ከአባቷ ጋር ቃል ተገባብታለች። ሱቁን ትዘጋና የአባቷ መጋዘን ያለበት ሳጉሬ ሄዳ ከእሳቸው ጋር እህል ትነግዳለች። ሐጂ ልጃቸው አጠገባቸው ብትሆን ደስታቸው ነው። እሷ ግን ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ባለቤቴ ጽጌ «ይቺን ልጅ ጆንያ ስታስቆጥር ልታያት ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። የወሰንኩት እኔ መሰልኳት።

ማክሰኞ

ጠዋት ሱቋ ሄድኩ። አንድ ካርድ ከሳጥኑ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ማራገቢያ ያለው ነገር ነው፤ ሲይዙት ይከብዳል። ቺፑ የት ጋ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ከሥር ነው ጋሼ፣ አይታይም። ይሄ ሁሉ እሱን ለማቀዝቀዝ ነው» አለችኝ። ከሚሠራው ይልቅ አጃቢው በዛ።

የገባኝን መዘገብኩ፦

ኩባንያው ቺፑን ይነድፋል እንጂ አያመርትም። የሚያመርትለት ሌላ አገር ያለ የሌላ ሰው ፋብሪካ ነው። ይህ ወዲያው ገባኝ። ጋዜጣችንም የራሱ ማተሚያ ኖሮት አያውቅም። እኛ እንጽፋለን፣ ማተሚያ ቤት ወረፋ እንይዛለን። «እነሱም ወረፋ ይይዛሉ!» አለች ሐያት።

ቺፑን ካርድ ላይ የሚገጥሙት፣ ማራገቢያ የሚያለብሱት ደግሞ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው።

ገበያው አራት ነው። አንዱ ጨዋታ። ሁለተኛው ዳታ ሴንተር፣ ማለት ኮምፒውተሮች እንደ ወታደር ተሰልፈው ኤአይ የሚሠለጥንበት አዳራሽ። ሦስተኛው የባለሙያ ንድፍና ቪዲዮ። አራተኛው መኪና። ኩባንያው የተነሣው በጨዋታ ነው፤ ዛሬ ዋናው ገቢው ግን ከዳታ ሴንተር ነው።

እዚህ ድረስ ሰላም ነበርን። ከዚያ ተጣበቅን። የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት አንድ ቦታ ላይ ሥራውን በሁለት ክፍል፣ በግራፊክስና በስሌት፣ ይቆጥራል፤ ሌላ ቦታ ላይ በአራት ገበያ። ሪፖርተር ሁለት ቁጥር ይዞ ከመጣ አንዱ ስህተት ነው፤ የተማርኩት ይህን ነው። ሐያት «ሁለቱም ልክ ናቸው ጋሼ፣ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው ያቃተኝ» አለች። ማስረዳት ካቃተን ደግሞ ፈተናውን ወደቅን።

ምሳ ላይ ለጽጌ ነገርኳት። እሷን የያዛት ሌላ ነው። «ታዲያ ሲከብሩ የልጆቹን ጨዋታ ጣሉት?»

ረቡዕ

ዛሬ ተፈታ። የፈታልን ሰው ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

ሐጂ ቃሲም ከሳጉሬ ገብተው ግቢያችን ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። እሳቸው ጋር ጥያቄ ይዞ መንደርደር አይቻልም። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ስለ ጽጌ። ስለ ጉልበቴ። አጨዳ ላይ ስለደረሰው ገብስና ስለሚያስፈራው ዝናብ አወራን። እንደገና ስለ ጉልበቴ። ሐያት አብራን ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። በመጨረሻ ተራዬ ደረሰና፣ «ሐጂ፣ አንድ ነጋዴ ሥራዬ ሁለት ነው ይላል፣ ዞር ብሎ ደግሞ አራት ነው ይላል። ይዋሻል?» አልኳቸው።

«ምን ይነግዳል?»

«ገብስ ነው ይበሉ።»

ሳቁ። «እኔው ነኛ! ሁለት መጋዘን አለኝ። ገዢዬ ግን አራት ነው፤ ብቅል ፋብሪካ፣ ለቤቱ የሚገዛ፣ ዘር ፈላጊ፣ ከብት የሚያደልብ። ከአንዱ መጋዘን ለሦስቱ ይወጣል። መጋዘኑን ሲቆጥሩ ሁለት፣ ገዢውን ሲቆጥሩ አራት። ውሸቱ የቱ ጋ ነው አቶ ተፈራ?»

የትም ጋ የለም። ሠላሳ ዓመት ቁጥር ሳርም ኖሬ ይህን አልጠረጠርኩም።

ሐያት ተነሣች። «አባ፣ ያው አንዱ ገብስ ለሁሉም ይሆናል?»

«በወንፊት ነዋ ልጄ። ወፍራሙ ለብቅል፣ ቀጭኑ ለመኖ። ማሳው አንድ ነው።»

«ወላሂ እነሱም ያበጥራሉ!» ብላ አጨበጨበች። ከአንድ ምርት የወጡት ቺፖች ሁሉ እኩል ብርቱ አይደሉም አለችን። ይፈተሻሉ። ብርቱው ለውዱ ካርድ ይሆናል፤ ጥቂት ቦታ የተበላሸበት ደግሞ ያ ቦታ ይዘጋና ዝቅ ላለው ካርድ ይውላል። አይጣልም።

ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይሄን ለማወቅ ነው አዲስ አበባ ድረስ የምትጽፊው? ሳጉሬ ነይ፣ በነፃ አስተምርሻለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን። ሐያት ቶሎ አቆመች።

ሐሙስ

ስምንት ሰዓት ላይ ጽሑፏን በቴሌግራም ላከችልኝ። ሁለት ገጽ ከአሥራ አንድ መስመር። መብራት ገና መምጣቱ ስለነበር የሰው ኮምፒውተር እየጠገነች ነው። «እርስዎ ያሳጥሩት፣ እኔ እንዳለ እልከዋለሁ። አምንዎታለሁ» አለች በስልክ።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። መጋዘኖቹ ገብተዋል፣ ወንፊቱ ገብቷል። ቃል እዚህም እዚያም አቀናሁ። የቀረው አሥራ አንዱ መስመር ነው። ጋዜጣ ላይ ቦታ ሲጠብ ከጭራ ይቆረጣል፤ ዋናው ነገር ከላይ ነውና። የእሷ ጭራ «በመጨረሻም ስለ ከተማችን ጥቂት ልበል» ብሎ ይጀምራል። ጥቂት ልበል የሚል ሰው የሚለውን ጨርሷል። ደግሞ አሰላን ስለ ጨዋታ ገበያ በጻፈችበት አንቀጽ ላይ አንስታታለች። ቆረጥኩት። ልክ ሁለት ገጽ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ «ሄደ» ብላ ጻፈችልኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሥራ ሰው ሆኜ ዋልኩ። ጽጌ «ምን ያስፈግግሃል?» አለችኝ።

ዓርብ

የሠራሁትን ዛሬ አወቅሁ።

ሐጂ ከጁምዓ መልስ «ልጄ የጻፈችውን አንብቡልኝ» አሉ። ሐያት ከስልኳ እያነበበች የከበዳቸውን ለአባቷ በአፋን ኦሮሞ ትመልስላቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት። መጋዘኖቹ ላይ ስትደርስ ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ። ስልኩን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አደረገችው።

«ቀጥዪ» አሉ ሐጂ።

«አለቀ አባ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «እንዴት ያልቃል? ሰላምታውን ሰማሁ፣ መንገዱን ሰማሁ። ጉዳዩስ?»

ሐያት ዞር ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ የመጨረሻው አንቀጽ?»

የመጨረሻው አንቀጽ ጉዳዩ ነበር። የፈተናው ሦስተኛ ጥያቄ መልስ። አሰላ የጨዋታ ገበያ አይደለችም ይላል። የቤት ፕላን የሚሠሩት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት፣ የማሽን ንድፍ የሚያስተምረው የኮሌጅ መምህር፣ ከሮቤና ከሳጉሬ ሥራ ይዘው የሚመጡት፣ ሁሉም ኮምፒውተራቸው አልችል እያላቸው ፋይላቸውን አዳማ ወስደው ቀን ሙሉ ደጅ ይጠናሉ። አንድ በአንድ ሄዳ አነጋግራቸዋለች። ስማቸውን ከነስልካቸው ጽፋ ነበር። የኛ ገበያ ሦስተኛው ነው ብላ ደምድማለች።

እኔ የላክሁላት ወረቀት ስለ አሰላ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ከተማዋ ውስጥ የጨዋታ ቤቶች አሉ። ልትለው የማትፈልገውን፣ አሰላ የጨዋታ ገበያ ናት፣ አስባልኳት።

«ጥቂት ልበል ስለሚል እኮ ነው...» አልኩ። 

ሐጂ በቁጣ አልተናገሩም፤ እንደሚያስተምር ሰው ነው የነገሩኝ። «ትልቅ ነገር የያዘ ሰው ትንሽ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው አቶ ተፈራ። ትልቅ ነው ብሎ ከጀመረ ማን ይሰማዋል? ሽማግሌ ፊት ጉዳይ ከኋላ ነው የሚመጣው።»

ሐያት «ምንም አይደል ጋሼ» ብላ ወደ ሱቋ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

እርማት ጽፌ ይዤላት ሄድኩ፤ ስለቆረጥኩት ይቅርታ አልኳት። ጋዜጣ ሲሳሳት በስሙ ያርማል፤ በፊተኛው ገጽ የተሳሳተውን በፊተኛው ገጽ። ለአስመጪው ልላክ አልኳት።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሰዓቱ አልፏላ። ሌሎቹ በሰዓቱ አስገብተዋል። ልመና ይመስላል።»

«እርማት ልመና አይደለም ሐያት።»

«ይሄ ጋዜጣ አይደለም እኮ ጋሼ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። ወዲያው ዝቅ አደረገችው። አንድ ሰው የማይበራ ላፕቶፕ ይዞ ገባና እሱን አስተናገደች። እኔ ወንበር ላይ ጥቂት ቆይቼ ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም። ዳገቱን በእግሬ።

እሑድ

ጽጌ፦ «ይቅርታ አልካት?»

«ብያለሁ።»

«ስለምኑ?»

«ስለቆረጥኩት።»

«መቁረጥማ ሥራህ ነው። አንብበኸው ነው የቆረጥከው?»

 የመጀመሪያውን መስመር ነው ያነበብኩት። ይህን እዚህ መጻፍ እንኳ ያሳፍረኛል። ስንቱን ልጅ «ሳታነብ አትቁረጥ» እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

«በል እሱን ንገራት» አለች።

ሰኞ

ነገርኳት። ገና ሱቁን ስትከፍት ነበር። «ሐያት፣ አላነበብኩትም። አንድ መስመር አይቼ ነው የጣልኩት።»

መጥረጊያውን ይዛ ቆመች።  ከዚያ ሳቋ መጣ። «እኔስ ሳላነብ አይደል የላክሁት? እንዴት ያለን ጉዶች ነን ጋሼ!»

«ይሁን፣ እርማቱን እንላከው» አለች። እንደ አዲስ ጽፈን ላክን። እርማቱ አራት መስመር ነው። ስሜን ጻፍኩ፣ ጽሑፉን ለማሳጠር የተቀበልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳላነብ እንዳወጣሁት፣ አመልካቿ በጊዜው ጽፋው እንደነበር፣ ሰዓት ማለፉን ቆጥረው የመሰላቸውን እንዲወስኑ። ልመና የለበትም። አንቀጹን ከሥር እንዳለ አያያዝነው። «ጥቂት ልበል» የሚለውን አልነካሁትም።

ከሰዓት ሐጂን በር ላይ አገኘኋቸው። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል፤ ጠየቅሁ። እሷ ብትወድቅ ሳጉሬ ትመጣላቸው ነበር። ዓርብ ዕለት አንብቡልኝ ባይሉ ማንም አያውቅም ነበር።

«ልጄ የምትመጣ ከሆነ ተናግራ ተሸንፋ ትምጣ» አሉ። «ሳትናገር ተሸንፋ የመጣች ልጅ ምን አደርጋታለሁ?»

ረቡዕ

ተደወለላት። ዓርብ ጠዋት ቢሯቸው እንድትቀርብ። አንቀጹን አይተውታል። ቃል አልገቡላትም፤ ሌሎችም ተጠርተዋል። ስልኩን እንደዘጋች እየሮጠች መጥታ ጽጌን አቀፈቻት። እኔን ጨበጠችኝ። ጨብጣ ደግሞ አቀፈችኝ።

የምትናገረውን በነጥብ በነጥብ ላዘጋጅልሽ አልኳት።

«አይ ጋሼ» አለች፣ በጣም በትሕትና። «በአባቴ ስልት ነው የምናገረው።»

ዓርብ

ገና ሳይነጋ በሚኒባስ አዲስ አበባ ሄደች። ጽጌ ዳቦ ቋጥራላታለች፤ ማንም ያልጠየቃትን የሱፍ ሻሽም ጨምራ።

ሦስት ሰዓት፦ ምንም። አምስት ሰዓት፦ ምንም። ስልኬ መሥራቱን ለማወቅ ለጽጌ ደወልኩ፤ ከጓዳ አነሣችው። ስድስት ሰዓት ላይ ሐጂ ከሳጉሬ ደወሉ፤ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ። ልጃቸውን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። ረጅም ጊዜ ስለ ጉልበቴ አወራን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ፦ «ወጣሁ ጋሼ።»

«እንዴት ነበር?»

«ሰላምታው ብቻ ብዙ ደቂቃ ወሰደብኝ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ ስለ መጋዘን አወራሁ፣ ስለ ወንፊት አወራሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጥቂት ልበል አልኩ።» ሳቀች። «ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። የሰዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁለት። ለኮሌጁ መምህር እዚያው ደወሉለት ጋሼ! አነሣ!»

ውሳኔው ነገ ነው።

እሑድ

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ በሰከነ ልብ።

አርሲን በሙሉ አልሰጧትም። አስመጪው ራሱ ሥራውን እንደ ኩባንያው በገበያ ከፍሎታል። የጨዋታው ካርድ አዳማ ላለ ነጋዴ ሆኗል። ዳታ ሴንተርና መኪና እዚህ አካባቢ ገዢ ስለሌላቸው ለማንም አልተሰጡም። ለሐያት የባለሙያ ንድፍና ቪዲዮው ደረሳት፤ ለአሰላ፣ ለሳጉሬና ለሮቤ፣ እስከ ሰኔ በሙከራ። ከአራቱ አንዱ።

«ሦስቱስ?» አለች ጽጌ ቅር ብሏት።

«የጠየቅሁት እኮ እሱን ነው እትዬ ጽጌ።» ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «አንዱ ገበያ ብቻውን ሱቁን ይዞ ያቆየው እንደሆነ እንጃ» አለች። እኔም እንጃ። የፕላን ሠሪዎቹ ቃል እስካሁን ቃል ብቻ ነው፤ ገዝተው ሲወጡ ነው የሚታየው። ሰኔ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ከቀትር በኋላ አንድ አይሱዙ ሱቋ ደጅ ቆመ። ሐጂ ከጋቢናው ወረዱ። ከገብሱ ጆንያ በላይ ጠረጴዛ ታስሯል፤ ሰፊ፣ አዲስ፣ ሽታው ገና የእንጨት። ሳጉሬ ስትመጣ ትሠራበታለች ብለው ለብቻቸው ያሠሩት ነው። ለማንም አልነገሩም። ሐያት እሱን ስታይ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«ምን ታለቅሻለሽ፣ ከዚያኛው ወገን ያዢ!» አሉ። «ካርድሽን መሬት ላይ ልትደረድሪ ነው?»

በበሩ አልገባ አለ። በቁመት ሞከርን፣ በጎን ሞከርን። ሾፌሩ በሩን እንንቀል አለ፣ ሐጂ ተቆጡ። በመጨረሻ እግሮቹን ፈትተን አስገባነውና ውስጥ መልሰን ገጠምን። የግድግዳውን ርዝመት ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። አንደኛው እግር ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ካርዶቹ የሚደርሱት ማክሰኞ ነው፤ ነገ ጠዋት መዶሻ ይዤ እሄዳለሁ።